ሸክሙ የኮምፒውተር ቤቱ፤ ጭብጨባው የባለሥልጣኑ!

የዘንድሮ መንግሥት ከወረቀት ጋር ተጣልቷል። ፓስፖርት ስትጠይቅ “ኦንላይን ግባ!”፤ ንግድ ፈቃድህን ላድስ ስትል “ኦንላይን ግባ!”፤ የልጅህን የ12ኛ ክፍል ውጤት ልስማ ብትል “ኦንላይን ግባ!” ነው መልሱ። መግባቱስ ይሁን፣ እንግባ። ግን በየት በኩል ነው የሚገባው? ከዴቻ፣ ከጨና፣ ከጌሻ ጭቃ ለጭቃ ተጉዞ ቦንጋ የደረሰ ገበሬ የሚገባው በአንድ በር ብቻ ነው። እሱም የኮምፒውተር ቤቱ በር ነው።

እስቲ እኛም በዚያ በር ገብተን እንየው። ሁለት ያረጁ ኮምፒውተሮች፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ ቀለሟን እየሰሰተች የምትተፋ ፕሪንተር፣ ላሚኔሽን ማድረጊያ፣ ግድግዳው ላይ “ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ” የሚል ጽሑፍ። ከኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው በአይ.ሲ.ቲ. ዲፕሎማ ይዛ ሥራ ያጣች፣ ከዘመድ ተበድራ ይህችን ቤት የከፈተች ልጅ ናት። የገበሬውን የአባት ስም በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ የምትወስነው እሷ ናት። አንድ ፊደል ከሳተች ሰውየው በገዛ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል! ኢሜይል ለሌለው ኢሜይል ታወጣለታለች። የይለፍ ቃሉን ገበሬው ስለማያስታውሰው እሷ በደብተሯ ትይዝለታለች። ኔትወርኩ ሲሄድ ቁጣው የሚወርደው በእሷ ላይ ነው፤ ቅጹ “ተሳስቷል” ብሎ ሲመለስም የምትሰደበው እሷው ናት።

ይህች ልጅ የመንግሥት ሠራተኛ ናት እንዴ? አይደለችም። የመንግሥትን ሥራ ግን ትሠራለች። ደመወዝ የላትም፣ ሥልጠና የላትም፣ ዕውቅና የላትም። ያላት ግብር፣ ኪራይና የመብራት ሒሳብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሪባን ተቆርጦ “ይህን ያህል አገልግሎት ዲጂታል ሆነ” ተብሎ ሲጨበጨብ፣ ጭብጨባው ቦንጋ ድረስ አይሰማም። ቦንጋ የሚደርሰው ሸክሙ ብቻ ነው።

የዚህ ርዕሰ አንቀጽ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ “ዲጂታል ኢትዮጵያ” የሚባለውን ነገር በገጠርና በትናንሽ ከተሞች በጫንቃው የተሸከመው ትንሹ የኮምፒውተር ቤት ነው። ፖሊሲው ግን ይህን ሰው አያውቀውም። ሲያውቀውም የሚያውቀው ሊያስከፍለው ወይም ሊዘጋበት ሲፈልግ ነው።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ኢንተርኔት በመንግሥት ቴሌ በኩል አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ ለፈላው የግል ጋዜጣም ጽሑፍ እየለቀሙ ያገለገሉት ትናንሽ የኮምፒውተር ቤቶች ነበሩ። ባለ ኢንተርኔት ካፌው ብቅ ብሎ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር በርካሽ ማነጋገር ሲጀምር ምን መጣ? በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 281 ወጣና በኢንተርኔት ድምፅና ፋክስ ማስተላለፍ ተከለከለ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጠውን በዓመታት እስራት የሚያስቀጣ ድንጋጌ ይዞ መጣ። ያኔ ለካፌው ባለቤት ወንጀል የነበረው ነገር ዛሬ ሕፃን ልጅ በእናቱ ስልክ የሚጫወትበት ሆኗል። የተዘጉትን ካፌዎች ግን ይቅርታ የጠየቀ አልሰማንም።

በ1990ዎቹ “ወረዳኔት” እና “ስኩልኔት” ተብሎ በየወረዳው ዲሽ ተተከለ፣ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ተሰቀለ። ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል የሚለው ጥያቄ ግን ወደ ኋላ ቀረ። አጠገቡ ጠጋኝ የሌለው መሣሪያ የአቧራ ማረፊያ መሆኑ አይቀርም። የቦንጋ ባለሙያ ያኔም ተመልካች ነበር።

አሁን ደግሞ በትንሹ ነጋዴ ላይ የተጫነውን አንድ በአንድ እንቁጠረው።

አንደኛው የምንዛሪው ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ በ57 እና 58 ብር መካከል ሲመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ፊደል ለቃሚዋ የምትጠቀምበት ሁሉ፣ ከቶነሩ እስከ ሃርድ ዲስኩ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። ቶነር በተወደደ ቁጥር የአንድ ገጽ ኮፒ ዋጋ ላሳድግ ብትል ተማሪው “እህቴ፣ ምነው?” ይላታል። ተማሪው እውነቱን ነው፤ እሷም እውነቷን ነው። ዕዳው ግን የማን ነው?

ሁለተኛው መብራት ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተወስኗል። ይጨምር፣ ግን መብራቱ ይኑር! መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተር ቤት ማለት ባዶ ጠረጴዛ ነው። ጎጀብ ውሃውን ለኦሞ ይገብራል፤ ኦሞ ላይ፣ በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ክልል መሬት፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የኮይሻ ግድብ እየተሠራ ነው። “በእጅ የያዙት ወርቅ” ማለት ይኸው አይደል? የወንዙ ባለቤት በሻማ ያመሻል።

ሦስተኛው የኔትወርክ መዘጋት ነው። ሰኔ 2011 ዓ.ም. ፈተና ተብሎ ተዘጋ። በዚያው ወር የባለሥልጣናት ግድያ ሲደርስ እንደገና ተዘጋ። “ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025” የተባለው ስትራቴጂ የጸደቀው በ2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ድርግም አለ። በአንድ እጅ ስትራቴጂ እያጸደቁ በሌላው ማጥፊያውን መጫን ምን የሚሉት ዲጂታል ነው? ባንክ ሲዘጋ ባለአክሲዮን ይጮሃል። ኮምፒውተር ቤት ሦስት ሳምንት ተዘግቶ ሲከርም ግን የቤት ኪራዩን ማን ተካ?

አራተኛው የገበያው መገልበጥ ነው። ኢንተርኔት ካፌውን የስልክ ዳታ ገደለው። በሜሞሪ ዘፈን መጫኑንም እንዲሁ። ይህ የዘመን ነገር ነው፣ ማንንም አንከስም። ግን ቀጥሎ የመጣውን ልብ እንበል። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ለሳፋሪኮም ፈቃድ ሲሰጥ “ውድድር መጣ” ተባለ። የመጣው ውድድር የሁለት ግዙፎች ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ራሱ ዛሬ መስመር ብቻ አይሸጥም፤ ክላውድ ይሸጣል፣ ለመሥሪያ ቤቶችና ለትምህርት ቤቶች “ስማርት” የሚባል ሥርዓት ይዘረጋል፣ በቴሌብር ክፍያ ይሰበስባል። ትንሹ ነጋዴ መስመር የሚገዛው ከእሱ፣ የሚወዳደረውም ከእሱው ጋር! ከዳኛው ጋር ግብግብ ገጥሞ ያሸነፈ ማን አለ?

አምስተኛውና ቦንጋን በቀጥታ የሚነካው የመንግሥት ግዥ ነው። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ የክልሉ መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ሆነች። ቢሮዎች መጡ። ቢሮ ሲመጣ ኮምፒውተር ይመጣል፣ ኮምፒውተር ሲመጣ ብልሽት ይመጣል፣ ስለዚህ የከተማው ባለሙያ እንጀራ ሊበላ ነው ብለን ጠብቀን ነበር። ሥራው ሲመጣ ግን ተጠቅልሎ በትልቅ ጨረታ ይመጣል። የጨረታ ማስከበሪያው፣ የሥራ ልምዱ፣ የዓመታዊ ሽያጩ መጠን ሁሉ በሁለት ኮምፒውተር ለሚሠራ ሰው የተሰፋ ልብስ አይደለም። ለእሱ የሚተርፈው “ስብሰባ አለብን፣ ይህን 200 ኮፒ ቶሎ!” የሚለው የዱቤ ሥራ ነው። ክፍያው? “በጀት ሲለቀቅ!” በጀት የሚለቀቀው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ እጁን ያውጣ!

ይህ ሁሉ ሲሆን ሥራ የለም እንዳይባል፣ በካፋ ደጃፍ ላይ ትልቅ ሥራ ቆሟል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ሕግ መሠረት፣ ወደ ኅብረቱ አገሮች የሚገባ ቡና የበቀለበት መሬት በካርታ መገኛ መታወቅ አለበት። ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው በሙሉ፣ ከዚያ በታች ከሆነ ቢያንስ አንዲት ነጥብ መመዝገብ አለባት። የሕጉ መጀመሪያ ቀን ተደጋግሞ ተራዝሟል፤ መራዘም ግን መቅረት አይደለም። የካፋ ገበሬ ቡናው በጫካ ጥላ ሥር ነው፣ ማሳው ትናንሽ ነው። ያንን ሁሉ እግር ለእግር ዞሮ የሚመዘግብ፣ ካፍኛ የሚናገር፣ ስልክና ኮምፒውተር የሚያውቅ ወጣት የት ይገኛል? እዚሁ ቦንጋ! በቦንጋ ዩኒቨርሲቲና በአካባቢው ኮሌጆች የተማረው ይኸው ወጣት ነው። ታዲያ ሥራው ለእሱ ይሰጣል ወይስ ከአዲስ አበባ በላንድክሩዘር የሚመጣ አማካሪ አበሉን ቆጥሮበት ይሄዳል? “ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ” እንዳይሆን ከወዲሁ ይታሰብበት።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. “አምስት ሚሊዮን ኮደሮች” የተባለ ሥልጠና ተጀመረ። ሥልጠናው ጥሩ ነው፣ አንቃወምም። ሰርተፍኬት የያዘው ልጅ ቦንጋ ላይ ማን ጋ ነው የሚቀጠረው? ሊቀጥሩት የሚችሉት እነዚሁ ትናንሽ ቤቶች ናቸው። እነሱን እያደቀቁ ኮደር ማብዛት ወፍጮ ሰብሮ እህል መስፈር ነው።

“ግን እኮ ኮምፒውተር ቤቶቹም ንጹሕ አይደሉም፤ የሐሰት ማስረጃ የሚሠሩ አሉ” የሚል ባለሥልጣን እንደሚኖር እናውቃለን። እውነት ነው፣ አሉ። ማኅተም የሚቀርጽ፣ የትምህርት ማስረጃ የሚያመርት አለ፤ ይያዝ፣ ይቀጣ! ከዚያ የባሰውን እንንገራችሁ። ያቺ የይለፍ ቃል የተጻፈባት ደብተር ጠረጴዛ ላይ ተዘርግታለች። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው ምሥጢር መጠበቅ ሕግ ሆኗል። ነገር ግን ልጅቷን ጠርቶ “እህቴ፣ ይህን እንዲህ አድርገሽ ያዢው” ያላት ማነው? ሳያስተምሩ መክሰስ የአባት ወግ አይደለም። ሕጋዊ መንገድ የሌለው ሰው በጎን መሄዱ አይቀርም፤ ቁጥጥር የሚመጣው ከዕውቅና ቀጥሎ ነው።

ይህን ያደረገ አገር የለም እንዳይባል ህንድ አለች። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በገጠር ያሉ ትናንሽ የግል ነጋዴዎችን የመንግሥት አገልግሎት ወኪል አድርጋ፣ አሠልጥና፣ ለሚሠሩት ሥራ ኮሚሽን እንዲያገኙ አድርጋለች። እሩቅ ነው ካላችሁ ከቤታችሁ ተማሩ። ቴሌብር ገንዘብ ለሚያስገባና ለሚያወጣ ወኪል ኮሚሽን ይከፈላል። ገንዘብ ለሚቀበለው ከተከፈለ፣ የዜጋን ፓስፖርት ማመልከቻ ለሚሞላው የማይከፈልበት ምክንያት ምንድነው?

ስለዚህ የምንጠይቀው ሰማይ ጠቀስ አይደለም። ኮምፒውተር ቤቶች የመንግሥት የኦንላይን አገልግሎት ወኪል ሆነው ይመዝገቡ፤ ስለ ሰው መረጃ አያያዝ ይሠልጥኑ፣ የአገልግሎት ዋጋቸው በግልጽ ይለጠፍ፣ ከሚሰበሰበው ክፍያ ድርሻ ያግኙ፤ ሲያጠፉም ወኪልነታቸውን ይነጠቁ። የክልሉና የዞኑ መሥሪያ ቤቶች የጥገና፣ የህትመትና የመረጃ ምዝገባ ሥራን በትናንሹ ከፍለው ለአካባቢው ባለሙያ ይስጡ፣ ሒሳቡንም በተወሰነ ቀን ይክፈሉ። የቡና ማሳ ምዝገባው ከካፋ ወጣት እጅ አይውጣ። ኢንተርኔት ደግሞ ባለሥልጣን በስልክ ባዘዘ ቁጥር የሚጠፋ አምፖል መሆኑ ይብቃ! ካለ ሕግና ካለ ፍርድ ቤት አይዘጋ፤ ከተዘጋም የተጎዳው ይካስ።

ይህን ስንል “ተቃዋሚ ስለሆኑ ነው” የሚለን አይጠፋም። ይበሉን። ከዴቻ የመጣው ገበሬ ግን የማንም ፓርቲ አይደለም። ማመልከቻውን በፌስታል ጠቅልሎ በዝናብ የመጣው መንግሥቱን ፈልጎ ነው። ያገኘው ግን ያቺን ልጅ ነው። እሷ ነገ ዕዳው በዝቶባት ቤቱን የዘጋች ዕለት፣ መንግሥትም በዚያ ገበሬ ላይ በሩን ዘጋ ማለት ነው።

ልብ ያለው ልብ ይበል!