«ጨው» ያልነው ሁሉ ጨው ነውን? የዊንጌት የቧንቧ ውኃና የቤት ዕቃዎቻችን

በዊንጌትና በአካባቢው የሚኖር ሰው የውኃ ማሞቂያ ቦይለሩ ሲበላሽበት ጠጋኝ ጠርቶ ምክንያቱን ቢጠይቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ውኃው ጨው አለው» የሚል ነው። መልሱ አጭርና አሳማኝ ነው፤ በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊትም የሚመሰክርለት ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን ከዚህ ይለያል። «ጨው» የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ ሳይለካ የሚሰጥ ነው፤ ያልተለካ ፍርድ ደግሞ ገንዘብ ያስወጣል፣ እውነተኛውን ጥፋተኛም ይሸሽጋል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት ጡረተኛ ጎረቤታችን የቦይለራቸው ሬዚስታንስ ተቃጥሎባቸው፣ በተነገራቸው ምክር መሠረት ውኃ ማለስለሻ መሣሪያ ለመግዛት የዕቁብ ዕጣቸውን ይጠባበቁ ነበር። ቦይለሩ ተከፍቶ ከሥሩ የወጣውን ዝቃጭ በብርጭቆ አድርገን አቼቶ ጨመርንበት። ጥቂት አረፋ ታየ፤ የሚበዛው ክፍል ግን ቡናማ ጭቃ ሆኖ ከብርጭቆው ሥር ቀረ። ስለ አረፋው ትርጉም ወደ ኋላ እመለሳለሁ፤ አስቀድመን ግን «ጠንካራ ውኃ» የሚባለው ምን እንደሆነ እንመልከት።

ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሲቀበል በመጠኑ አሲዳማ ይሆናል። በዐለት መካከል ሲሰርግም ካልሲየምና ማግኒዚየም የተባሉትን ንጥረ ነገሮች አሟሙቶ ይዞ ይሄዳል። ውኃን ጠንካራ የሚያሰኙት እነዚህ ሁለቱ እንጂ የገበታ ጨው አይደለም። መጠኑ የሚገለጸው በአንድ ሊትር ውስጥ በሚገኝ የካልሲየም ካርቦኔት ሚሊግራም ልክ ነው። በብዛት በሚሠራበት አመዳደብ እስከ 60 ያለው ለስላሳ፣ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ጠንካራ፣ ከ180 በላይ ያለው እጅግ ጠንካራ ይባላል። ውኃው ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ ሟሙቶ የነበረው ካልሲየም ባይካርቦኔትም ወደማይሟሟ ካልሲየም ካርቦኔት ተለውጦ በዕቃው ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ነጩ ቅርፊት ይህ ነው።

ታዲያ የዊንጌት ውኃ ከየትኛው ምድብ ነው? ከዊንጌት ተነሥቶ በአስኮና በቡራዩ በኩል ወደ አምቦ በሚያቀናው መንገድ የተጓዘ ሁሉ የገፈርሳን ግድብ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ከገፈርሳ ሌላ እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ የጀመረው የለገዳዲ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጨመረው የድሬ ግድብ፣ እንዲሁም በደቡብ የአቃቂና የሌሎች አካባቢዎች ጥልቅ ጉድጓዶች አሏት። የግድብ ውኃ በአብዛኛው የክረምት ዝናብ ነው፤ የእንጦጦና የአካባቢው ተራሮችም ከእሳተ ገሞራ የተገኙ እንጂ የኖራ ድንጋይ አይደሉም። ስለዚህ የግድብ ውኃ በተፈጥሮው ወደ ለስላሳው ያደላል። የጉድጓድ ውኃ ግን ከዐለት ጋር ረጅም ዘመን ስለሚቆይ ብዙ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይይዛል። በመሆኑም በአንዲት ከተማ ውስጥ የውኃው ጠባይ እንደ ምንጩ፣ እንደ ቅልቅሉና እንደ ወቅቱ ሊለያይ ይችላል። የኖራ ድንጋይ በተዘረጋባቸው በድሬዳዋና በመቐለ አካባቢዎች ለሚኖሩ ወገኖቻችን ነጩ ቅርፊት የዘወትር ችግር ነው፤ ከእነርሱ የሰማነውን ሳይመረምሩ ወደ ዊንጌት ማምጣት ግን ሳይንስ አይደለም።

ቅርፊቱ በቤት ዕቃ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የታወቀ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ ከመቶ እጥፍ በላይ ያንሳል። በከሰል ወይም በጋዝ ላይ የሚጣድ ማንቆርቆሪያ ሥሩ ቅርፊት ከያዘ ሙቀቱ ወደ ውኃው መግባት ትቶ ወደ ጎን ይባክናል። በቦይለር ውስጥ ግን ነገሩ ይለያል። ሬዚስታንሱ በውኃ ውስጥ የተነከረ በመሆኑ የሚያመነጨው ሙቀት ዘግይቶም ቢሆን ወደ ውኃው ይገባል፤ ስለዚህ ብዙዎች እንደሚያስቡት የኤሌክትሪክ ፍጆታው ያን ያህል አይንርም። የሚጎዳው ሬዚስታንሱ ራሱ ነው፤ ሙቀቱ ቶሎ መውጫ ሲያጣ ከመጠን በላይ ይግልና ይቃጠላል። በተጨማሪም ጠንካራ ውኃ ሳሙና ያባክናል፤ የካውያንና የሻወርን ቀዳዳዎችም ይደፍናል።

ይሁን እንጂ ሬዚስታንስ የሚያቃጥለው ቅርፊት ብቻ አይደለም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባዶ የቆየ ቧንቧ እንደገና ሲሞላ ዝገትና ደለል አንሥቶ ይመጣል፤ ይህም በሮቶና በቦይለር ሥር ይዘቅጣል። ውኃ ሲቋረጥ ደግሞ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ ያልተገጠመለት ቦይለር ውኃው ወደ መስመሩ ሊወርድበት ይችላል። ማብሪያው ሳይጠፋ ከቆየ ሬዚስታንሱ በባዶ ጋን ውስጥ ይነዳል። የጎረቤታችን ቦይለር ሲመረመር ያ ቫልቭ አልነበረውም። ቫልቭና አዲስ ሬዚስታንስ ተገጠመለት፤ የማለስለሻው ግዢም ቀረ። በእርግጥ የአንድ ቤት ቦይለር ስለ ሰፈሩ ሁሉ ሊመሰክር አይችልም። ሆኖም ማለስለሻው የሚሠራው ካልሲየምን በሶዲየም በመተካት ስለሆነ፣ ጭቃንም ሆነ ባዶ ጋንን ሊያስተካክል እንደማይችል ግልጽ ነው።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበው ደግሞ ፍርሃቱ ነው። «ይህ ነጭ ነገር ኩላሊታችን ውስጥም ጠጠር ይሆናል» በሚል ሥጋት የቧንቧ ውኃን ትተው የታሸገ ውኃ የሚገዙ ቤተሰቦች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለውኃ ጥንካሬ ጤናን መነሻ ያደረገ ገደብ አላወጣም፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም እንዲያውም ለሰውነት አስፈላጊ ናቸው። ለኩላሊት ጠጠር ከታወቁት ምክንያቶች ዋነኛው ውኃ በበቂ አለመጠጣት ነው። በአንጻሩ በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ጉድጓዶች ካልሲየሙ ጥቂት በመሆኑ ውኃው ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ካልሲየም ያላዘቀጠው ፍሎራይድ በውስጡ ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከዚያ አልፎ በመጠጣት የሚመጣው የጥርስ መበለዝና የአጥንት ጉዳት በወንጂና በሌሎች የሸለቆው ስፍራዎች ለብዙ ዓመታት ሲጠና ቆይቷል። ስለዚህ ንጹሕ ማንቆርቆሪያ የመልካም ውኃ ማስረጃ አይደለም፤ ነጭ ማንቆርቆሪያም የመጥፎ ውኃ ማስረጃ አይደለም።

እንግዲህ ተማሪው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ወደ አቼቶው እንመለስ። ከማንቆርቆሪያ የተፋቀ ቅርፊት በአቼቶ ውስጥ ተንፈቅፍቆ ከሟሟ ካርቦኔት ነው፤ ሳይሟሟ ከቀረ ደለል ወይም ሌላ ነገር ነው። አቼቶውን ከበረኪና ጋር መቀላቀል ግን መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይገባም። ሁለተኛ፣ በሁለት እኩል ጠርሙሶች የዝናብና የቧንቧ ውኃ በእኩል መጠን ይያዝ፤ በውኃ የሟሟ ደረቅ ሳሙናም ጠብታ በጠብታ እየጨመሩ ይናጥ። የሚቆይ አረፋ ለማውጣት ብዙ ጠብታ የፈለገው ጠንካራው ነው። ቁጥር ለሚሻ ደግሞ በኢዲቲኤ የሚደረገው ቲትሬሽን በማንኛውም የኮሌጅ ቤተ ሙከራ የሚሠራ ነው። ቅርፊት መኖሩ የተረጋገጠበት ቤት፣ ካልሲየም ካርቦኔት በሙቀት ይበልጥ ስለሚዘቅጥ፣ የቦይለሩን መቆጣጠሪያ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ማድረግና በየጊዜው ማጽዳት ይበቃዋል።

የጽሑፉ አቅራቢ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ የየሰፈሩ ውኃ የጥንካሬ ልክ እንደ ቆጣሪ ንባብ በየወቅቱ ለነዋሪው ይገለጽለት። እስከዚያው በጉለሌ ያሉ ትምህርት ቤቶች የኬሚስትሪ ክበባት በክረምትና በበጋ፣ ከዊንጌት፣ ከጳውሎስና ከአስኮ ናሙና እየወሰዱ መዝገብ ቢከፍቱ፣ ሥራው ከጥቂት ብርጭቆዎችና ከትዕግሥት በቀር ብዙ አይጠይቅም። ያ መዝገብ ቢኖር ኖሮ ጎረቤታችን ዕቁባቸውን በግምት ላይ ለማዋል ባልተቃረቡ ነበር። ጠጋኙም «ጨው ነው» ከማለቱ በፊት፣ «ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ በቤቱ ባገኘ ነበር።