መስቀሉ እንዳይዛባ



ጥር 10 ቀን፣ በከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ከየመንበራቸው ተነሥተው ወደ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ ከካህናቱ ኋላ የሚከተለው ሕዝብ ዐይኑ የሚያርፈው በካባው ጀርባ ላይ በተጠለፈው መስቀል ነው። ካባውን የለበሰው ካህን ያን መስቀል አያየውም፤ የሚያየው ተከታዩ ነው። መስቀሉ አንድ ጣት ያህል ወደ ጎን ካዘነበለ፣ ዙሪያው ከተጨማደደ፣ ወይም የግራና የቀኙ ሐረግ ካልተስተካከለ፣ ወርቃማው ክር የቱንም ያህል ቢያንጸባርቅ ጉድለቱን አይሸፍነውም።

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጎፋ፣ በላፍቶ፣ በጀሞና በሃና ማርያም ሰፈሮች የበዓል ሰሞን ሥራ የሚበዛባቸው ጥልፍ ቤቶች አሉ። የእነዚህ ባለሙያዎች ሥራ የሚቃናው ወይም የሚጣመመው መርፌው ጨርቁን ከወጋ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ በሚደረገው ልኬት ነው። ለልኬቱ ጊዜና ዋጋ መስጠት ያለብን ደግሞ እኛ አሠሪዎቹ ነን።

ልኬት የባለሙያ ትርፍ ጭንቀት አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28 እንደምናነበው የአሮን የደረት ኪስ ርዝመቱም ወርዱም አንድ ስንዝር ሆኖ፣ በእኩል አራት ማዕዘን እንዲሠራ፣ በላዩም ዐሥራ ሁለቱ የከበሩ ድንጋዮች ሦስት ሦስት እየሆኑ በአራት ረድፍ እንዲደረደሩ ታዝዟል። ከባስልኤል ጋር የተመረጠው ኤልያብም በጥልፍ ሥራ የታወቀ ጥበበኛ እንደነበረ በምዕራፍ 38 ተጽፏል። እንግዲህ ውበት ከልክ ጋር የታዘዘ ነው ማለት ነው።

አልባሳተ ክህነት በእጅ እንጂ በመኪና ሊጠለፉ አይገባም የሚሉ ወገኖች አሉ። ለእጅ ሥራ ያላቸውን ክብር እንጋራለን፤ ነገር ግን መኪናም ያለ ሰው እጅ አልተፈጠረም። የአልዛሱ ተወላጅ ጆሱዌ ሃይልማን እ.ኤ.አ. በ1828 በሠራው የጥልፍ መኪና ላይ ሠራተኛው የንድፉን መስመር በእጁ ሲከተል ብዙ መርፌዎች ያንኑ ንድፍ ባንድነት ይጠልፉ ነበር። የስዊዘርላንዱ ኢዛክ ግሮብሊም እ.ኤ.አ. በ1863 የጥልፉን መኪና በመወርወሪያ እንዲሠራ አደረገው። በሀገራችንም ልብስ ሰፊው በሲንጀር መኪና ጨርቁን በእጁ እያዞረ ሐረግና አበባ ሲጠልፍ ኖሯል። አሁን የመጣው የኮምፒውተር ጥልፍ ፈጣን ነው፤ ስሕተትን ግን አያርምም። ጨርቁ ተጣሞ ከተወጠረ ያንኑ ጥመት በዐሥሩም ካባ ላይ አንድ በአንድ ይደግመዋል። ስለሆነም ነቀፌታው የሚገባው ለቸልተኝነት እንጂ ለመሣሪያው አይደለም።

ጥንቃቄው በቅደም ተከተል ይሄዳል። የጥጥ ጨርቅ ከሆነ አስቀድሞ ታጥቦና ተተኩሶ ይዘጋጃል፤ አለዚያ ከተጠለፈ በኋላ ሲታጠብ ጨርቁ ይሰበሰባል፣ ክሩ ግን አይሰበሰብም። ቀጥሎ የድሩን መስመር ተከትሎ ቁም መስመር፣ የማጉን ተከትሎ አግድም መስመር በጠመኔ ይሰመራል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ነጥብ የመስቀሉ እምብርት ነው። ካባ ሲሆን የግራና የቀኝ ትከሻ ስፌት ከዚህ ነጥብ ያለው ርቀት እኩል መሆኑ ይለካል፤ ቢቻል በሰው ላይ ለብሶ ይታያል።

ከዚያም ጨርቁ ከስሩ ደጋፊ ተደርጎለት በክቡ ፍሬም ይወጠራል። ውጥረቱ እንደ ከበሮ ቆዳ ለጥ ያለ ይሁን፤ ነገር ግን ድሩና ማጉ እስኪሳሳብ ድረስ አይጎተት። የተጎተተ ጨርቅ ከፍሬሙ ሲወጣ ወደ ቀድሞ መጠኑ ስለሚመለስ ጥልፉን ይጨማድደዋል። መኪናው ከመነሣቱ በፊት መርፌው በእጅ ዝቅ ተደርጎ በትክክል በጠመኔው ነጥብ ላይ ማረፉ ይረጋገጣል። የላይና የታች ክር ሚዛን የሚታወቀው በቁራጭ ጨርቅ ላይ በተሞከረ ጥልፍ ጀርባ ነው፤ በጥቅጥቁ ስፌት መካከል የታችኛው ክር ከወርዱ ሲሶ ያህል ከታየ ሚዛኑ ደኅና ነው። ንድፉም ከመካከል ወደ ዳር ቢሠራ ጨርቁ ባንድ በኩል አይገፋም።

ከፈይ በፍሬም ሲጨበጥ ጠጉሩ ስለሚተኛ ደጋፊውን ብቻ ወጥሮ ከፈዩን በላዩ ማያያዝ ይሻላል። ወርቃማ ክር ቶሎ ስለሚበጠስ ዐይኑ ሰፊ የሆነ መርፌ፣ ላላ ያለ ውጥረትና ዝግ ያለ ፍጥነት ይፈልጋል። የሸማ ቀሚስም ሽመናው ሳሳ ያለ በመሆኑ ጠንካራ ደጋፊና ያልበዛ ስፌት ይሻል፤ ከአንገት የሚወርደው ጥልፍ ከታችኛው ጥለት መካከል ላይ ካልደረሰ የሸማኔውም ድካም አብሮ ይበላሻል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። እኛ ግን «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያልን በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጨርቅ ይዘን እንደርሳለን፤ ዋጋ ስንከራከርም የምንቆጥረው አበባውን እንጂ የልኬቱን ሰዓት አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የተጣመመ ጥልፍ ቢፈታ እንኳ የመርፌው ቀዳዳ በከፈይ ላይ ይቀራል። በሌላ በኩል የጥልፍ አምሳል የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ከውጭ እየገባ በርካሽ ይሸጣል። የሰፈራችን ጠላፊ በርካሽነት ሊወዳደረው አይችልም፤ የሚያሸንፈው በሥራው ጥራት ብቻ ነው። ያን ጥራት በጥድፊያና በዋጋ ቅነሳ ከነሣነው እንጀራውንም ነሣነው ማለት ነው።

በመሆኑም የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤና የየቤቱ አባወራና እማወራ ለጥምቀት የሚያሠሩትን ልብስ ቢዘገይ በኅዳር ወር ቢሰጡ፣ በቅድሚያ በቁራጭ ጨርቅ የተጠለፈ ናሙና ቢያዩ፣ ለዝግጅቱም ሥራ ዋጋ ቢቆርጡ መልካም ነው። ባለሙያውም በበኩሉ ከዐቅሙ በላይ ሥራ አይቀበል። ሙሴ የድንኳኑ ሥራ ሲፈጸም መጀመሪያ ሥራውን ሁሉ ተመለከተ፤ እንደታዘዘው ሆኖ ባገኘውም ጊዜ ሠራተኞቹን ባረካቸው። እኛም ሥራውን ቀርበን እንመርምር፤ በልኩ ሆኖ ስናገኘው የተስማማነውን ሳናጎድል ከፍለን፣ የሠሩትን እጆች እንመርቅ።

መልካም በዓል።