ሚዛኑ ከቁልቁለቱ ይቅደም

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው አውራ ጎዳና ወልቂጤን ካለፈ በኋላ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ስትሆን የወንዙ ድልድይ የሚገኘው 1,100 ሜትር አካባቢ ነው፤ ወደ ጅማ የሚያልፍ የጭነት መኪና ሁሉ፣ ሙሉ ጭነቱንና ያስከተለውን ተሳቢ እንደያዘ፣ ይህን ቁልቁለት መውረድ ግድ ይለዋል። በምሥራቅ ጉራጌ በኩል ደግሞ ቡታጅራ፣ ከመዲናይቱ ወደ ሆሳዕናና ወላይታ ሶዶ በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ አጣናውም በርበሬውም እህሉም የሚጫንባት የደራች የገበያ ከተማ ናት። በሁለቱም ዘንድ ትርፍ ጭነት እንደ ተራ ነገር መታየት ከጀመረ ቆይቷል።

የተሽከርካሪ የመጎተት አቅም በሞተሩ ጉልበት ብቻ የሚለካ የሚመስላቸው ባለንብረቶች አሉ። እያቃሰተም ቢሆን ዳገቱን ከወጣ «ቻለው» ይባላል። አምራቹ የሚወስነው ልክ ግን ሳቢውን፣ ተሳቢውንና በሁለቱም ላይ ያለውን ጭነት በአንድነት የሚመለከት ነው። ጥምር ክብደቱ ከ40 ቶን እንዳይበልጥ የተወሰነለት መኪና ራሱ ከነጭነቱ 25 ቶን ከመዘነ፣ ለተሳቢው የሚቀረው፣ የተሳቢው ባዶ ክብደት ጭምር ታስቦ፣ 15 ቶን ብቻ ነው፤ ተሳቢው በራሱ 20 ቶን የመሸከም አቅም ያለው መሆኑ ይህን ስሌት ፈጽሞ አይለውጠውም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ዋናው ፈተና የፍሬን ነው። ረጅሙን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ፣ በሞተር እየያዘ ከመውረድ ይልቅ ፍሬን እየረገጠ ሊወርደው የሚሞክር አሽከርካሪ ፍሬኑን ያግላል፤ የጋለ ፍሬንም ይለግማል። የተሳቢው ፍሬን በወጉ የማይሠራ እንደሆነ ሁለቱንም የማቆም ሸክም በሳቢው ፍሬን ላይ ያርፋል፤ ያን ጊዜ ረዳቱ ታኮ ይዞ ቢዘልም የሚመልሰው ነገር አይኖርም። ተሳቢዎች ወደ ከፊል ተሳቢ ይቀየሩ የሚለው ክርክር የራሱ ቦታ አለው፤ ከፊል ተሳቢውም ቢሆን ከአቅሙ በላይ ከተጫነ ግቤ አይራራለትም።

ጉዳዩ ግዙፎቹን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በፒክአፕ ላይ መንጠቆ አስበይዶ ያገኘውን ሁሉ የሚያስከትል ሰውም በዚሁ ሕግ ሥር ነው፤ መንጠቆው ስለያዘለት ብቻ መኪናው ይችለዋል ማለት አይደለም።

መንገዱም ዋጋ ይከፍላል። ከ1958 እስከ 1960 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በአሜሪካ ኢሊኖይ የተካሄደው የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው፣ አንድ አክስል በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከክብደቱ እጅግ በፈጠነ መጠን፣ በግርድፉ በአራተኛ ርቢ፣ ያድጋል፤ 10 ቶን ሊያርፍበት በሚገባው አክስል ላይ 12 ቶን ሲጫን ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት ማኅበር አቋቁሞ፣ ከየኪሱ አዋጥቶ መንገድ ያሠራ ሕዝብ ነው። የአባቶች መዋጮ ምን ያህል እንደከበደ የሚያውቅ አገር፣ ለጥቂት ኩንታል ትርፍ ሲባል አስፋልቱ ሲሰነጠቅ ዝም ብሎ ማየት አይገባውም።

ኃላፊነቱ የማን ነው? አደጋ በደረሰ ቁጥር በፖሊስ መዝገብ ላይ ቀድሞ የሚሰፍረው የአሽከርካሪው ስም ነው፤ በሕይወት ከተረፈ። ይህ ጋዜጣ አሽከርካሪውን ከተጠያቂነት ነጻ የማውጣት ሐሳብ የለውም፤ ነገር ግን «አልጭንም» ያለ ሾፌር ሥራውን በሚያጣበት ገበያ፣ ጭነቱን ያዘዘው ነጋዴና ኪራዩን የተቀበለው ባለንብረት ከጥፋቱ ውጭ ሆነው እንዲቀመጡ መፍቀድ ፍትሕን ማጉደል ነው ብሎ ያምናል። ትርፉን የተካፈለ ቅጣቱንም ይካፈል ዘንድ ይገባል።

ስለዚህ ፍርዳችን የማያሻማ ነው። የመጫን አቅም በሊብሬ ላይ እንደሚሰፍር ሁሉ፣ የሚጎትት መኪና ከነተሳቢው የተፈቀደለት ጥምር ክብደትም በግልጽ ሊሰፍርና ለዓመታዊው ቦሎ ምርመራ ሲቀርብ መንጠቆውና የተሳቢው ፍሬን አብረው ሊፈተሹ ይገባል። የክልሉ እንዲሁም የጉራጌና የምሥራቅ ጉራጌ ዞኖች የትራንስፖርት ኃላፊዎችም ምዘናውን ወደ ጭነቱ መነሻ ያምጡት፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ የሚገኝ ሚዛን ጥፋትን ይመዘግብ እንደሆነ እንጂ ነፍስ አያድንም። ለመስቀል ወደ አገር ቤት የሚገባው ሕዝብ ከእነዚሁ መኪናዎች ጋር መንገዱን የሚጋራበት ወቅት ከመድረሱ በፊት ይህ ሊጀመር ይችላል፤ ገንዘብም ሆነ አዲስ አዋጅ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልገውም። ከልኩ ያለፈ ጭነት የተገኘበት መኪና ትርፉ እዚያው ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ላይ፣ በጭነቱ ባለቤት ወጪ ይራገፍ፤ ሳይራገፍም አይለፍ።