ሃምሳ ሎሚና አንድ እርግዝና



በዚህ የትምህርት ዘመን የኮምፒዩተር ክበባችን ኮድ ከመጻፍ ጎን ለጎን ንባብ ጀምሯል። ያነበብነው ስለ አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ ወይም ስለ አዲስ መሣሪያ አይደለም፤ ፕሮግራመሮች አብረው ሲሠሩ ምን እንደሚገጥማቸው ነው። የደረስንበት ሐሳብ አጭር ነው። ሶፍትዌርን ከሚያበላሹ ነገሮች ብዙዎቹ የሚጀምሩት በሰዎቹ መካከል ነው፤ ኮዱ ላይ የሚታዩት በኋላ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን ኮድ መጻፍን ብቻ ሳይሆን አብሮ መሥራትንና የሌላውን ሥራ ማንበብንም ሊያስተምረን ይገባል እንላለን።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እውነት ነው፤ ሎሚ ይከፋፈላልና። ሥራ ሁሉ ግን ሎሚ አይደለም። ይህንን አጥርተው ካሳዩት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ፍሬድሪክ ብሩክስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአይቢኤም ኩባንያ ሲስተም 360 ለተባሉት ኮምፒዩተሮች የሚሆነውን ትልቅ ሶፍትዌር ሥራ መርተዋል። ሥራው ዘገየ። እ.ኤ.አ. በ1975 «ዘ ሚቲካል ማን መንዝ» በተባለው መጽሐፋቸው ከዚያ የተማሩትን ጻፉ፤ ለዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ሰው መጨመር ጭራሽ ያዘገየዋል የሚል ነው። ምሳሌያቸው እርግዝና ነው። ስንት ሴቶች ቢተባበሩ ልጅ በአንድ ወር አይወለድም።

ምክንያቱን ማንኛውም ተማሪ በደብተሩ ላይ ሊያሰላው ይችላል። ሁለት ሰዎች ሲሠሩ መግባባት ያለባቸው በአንድ መስመር ብቻ ነው። አራት ሲሆኑ መስመሮቹ 6፣ ስምንት ሲሆኑ ደግሞ 28 ይሆናሉ። የሰዉ ቁጥር በእጥፍ ሲያድግ የመግባባቱ ሥራ ከአራት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። በዚያ ላይ አዲስ የመጣውን የሚያስተምሩት ሥራ የበዛባቸው የቀድሞዎቹ ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ያላበረ ድር ግን ራሱን ይተበትባል።

መግባባት ሲጎድል የሚከፈለውን ዋጋ ያየነው በሁለተኛው ንባባችን ነው። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ወደ ማርስ የላካት አንዲት መንኩራኩር እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1999 ጠፋች። ምድር ላይ የነበረው አንደኛው ሶፍትዌር ውጤቱን ያወጣው በእንግሊዝ መለኪያ በፓውንድ ሲሆን፣ ተቀባዩ ደግሞ ቁጥሩን በኒውተን ነው ብሎ ያዘው። አንድ የፓውንድ ኃይል 4.45 ኒውተን ያህል ነው። ፊዚክስ አስተማሪዎቻችን «መለኪያውን ጻፉ!» እያሉ ነጥብ የሚቀንሱብን በከንቱ አይደለም። እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን ሌላ ነው። ጉዞዋን የሚከታተሉት ባለሙያዎች ቁጥሮቹ አለመገጣጠማቸውን አስቀድመው አስተውለው ነበር፤ ጥርጣሬያቸው ግን የሚገባውን ክትትል አላገኘም።

ሦስተኛው ንባባችን የቅርብ ጊዜ ነው። ኤክስዜድ የተባለው ፕሮግራም የፋይሎችን መጠን የሚቀንስ ሲሆን በብዙ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ይገኛል። ለዓመታት ሲንከባከበው የኖረው ያለ ክፍያ የሚሠራ አንድ ፈቃደኛ ነበር። ጂያ ታን በሚል ስም የሚጽፍ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ እየረዳ አመኔታ ካተረፈ በኋላ፣ ሌሎች ኮምፒዩተሮችን ለመስበር የሚያስችል ስውር በር አስገባበት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ይህንን የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራመር ነው። መነሻው ወደ ሌላ ኮምፒዩተር መግባት ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ ነበር። ሌላው ሰው «ምን ይሆናል» ብሎ ያልፈው ነበር፤ እሱ ግን ምክንያቱን እስኪያገኝ ኮዱን አነበበ። ስውሩ በር በሰፊው ሳይሰራጭ የተደረሰበትም በዚህ ነው።

አንዳንድ ወላጆች «ልጆቻችን ፈተና አለባቸው፤ ይህ ሁሉ ንባብ ምን ይረባቸዋል?» ይሉ ይሆናል። ሌሎች ደግሞ «አሁን ኮዱን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጽፈው የለም ወይ?» ይላሉ። ለሁለቱም መልሳችን አንድ ነው። ማሽኑ በበለጠ በጻፈ ቁጥር የተጻፈውን አንብቦ «ይህ ልክ አይደለም» የሚል ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ በአንድ ቀን አይገኝም፤ ጥያቄ መጠየቅ እንደ ድፍረት በማይቆጠርበት ክፍል ውስጥ ያድጋል።

ስለዚህ ለመጪው ዓመት ሦስት ነገሮችን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የቡድን ሥራ ሲሰጥ ቡድኑ ከአራት ሰው አይብለጥ፤ ሥራው ከዘገየም ተማሪ ከመጨመር ይልቅ ሥራው ይቀነስ። ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ የአንድ ተማሪ ፕሮግራም በሰሌዳ ላይ ይነበብ፤ ባለቤቱ ያስረዳ፣ ሌሎቻችንም እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ በሌላው ሥራ ላይ ስህተት ፈልጎ በአክብሮት ለሚያሳይ ተማሪ ነጥብ ይሰጠው፤ ስህተቱ ለተገኘበት ደግሞ ማስተካከያ ጊዜ ይሰጠው እንጂ መሳቂያ አይሁን። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አዲስ ኮምፒዩተርም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የመምህራኖቻችን ፈቃድና የእኛ ትዕግሥት ነው።

ወላጆቻችንም በቤት ውስጥ ሊያግዙን ይችላሉ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ «ስንት አገኘህ? ስንት አገኘሽ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ዛሬ ለማን ምን አስረዳችሁ? ማንስ አስረዳችሁ?» ብላችሁ ጠይቁን። ከእኛ መካከል ፕሮግራመር የሚሆነው ጥቂቱ ነው። ነርስም ሆንን ነጋዴ፣ መካኒክም ሆንን መምህር፣ ግማሽ ሴኮንድ ሲዘገይ ልብ የሚልና ያየውን ሳይፈራ የሚናገር ሰው መሆን ግን ለሁላችንም ይጠቅማል።