ቢላዋ ፈተና አያውቅም

«ቴክኖሎጂ ቢላዋ ነው፤ ሽንኩርትም ይከትፋል፣ ሰውም ይወጋል። ጥፋቱ የያዘው ሰው ነው።» ይህቺን አባባል ስንቴ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልጨርሳትም። የሰሞኗ ግን አናደደችኝ። ተናጋሪው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አዳራሽ መድረክ ላይ የተሰየሙ የሶፍትዌር ድርጅት ባለቤት ናቸው፤ ጠያቂዋ ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመት ያልሞላት ፕሮግራመር።

ልጅቷ ያነሳችው ነገር ትንሽ ነው። የምትሠራው አፕ ገና ሲከፈት በስልክዎ ያለውን ስምና ቁጥር ሁሉ ልውሰድ ይላል። «እፈቅዳለሁ» የሚለው ቁልፍ አረንጓዴ ነው፣ አውራ ጣት ያህላል። «አልፈቅድም» የምትለዋ ከሥሩ፣ ነጭ ላይ በግራጫ፣ እንደ እኔ ላለ መነጽር ለባሽ የለችም ማለት ይቀላል። ልጅቷ ሁለቱን እኩል አድርጋ ብትሠራቸው አለቃዋ አስቀየራት። «ልክ ነው ወይ?» ብላ ጠየቀች። የቢላዋው ስብከት ተሰበከላት፤ ሲያበቃም «ልጄ፣ መጀመሪያ ኮዱን ልመጂ፤ ሥነ ምግባሩ ይደርሳል» ተባለች። አዳራሹ ሳቀ። አጨበጨበም!

እሺ ጋሼ፣ ስለ ቢላዋው እናውራ። የእኔ ቤት ቢላዋ ሽንኩርት ይክተፍ ጣቴን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጋለጠው የቮልስዋገን መኪኖች ሶፍትዌር ግን ያውቅ ነበር። መሪው ሳይነካ ጎማው ሲሽከረከር ላቦራቶሪ ውስጥ የጭስ ፈተና ላይ መሆኑ ይገባውና ጭሱን ያጠራል፤ መንገድ ሲወጣ ማጣሪያውን ያላላና ናይትሮጅን ኦክሳይዱን ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይተፋዋል። 11 ሚሊዮን ያህል መኪና ላይ! ያዡ ማን ነው እዚህ? ሾፌሩ? ሾፌሩማ ንጹሕ መኪና ገዛሁ ብሎ ጎረቤቱ ላይ ሲኩራራ ነበር። ተንኮሉ ስለቱ ውስጥ ነው የነበረው፤ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ቡናውን እየጠጣ ጽፎታል። በዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2017 ዲትሮይት ላይ 40 ወር እስር የተፈረደበት ጄምስ ሊያንግም ኢንጂነር እንጂ ሾፌር አልነበረም። ኮድ አልለመደም የሚለው አይኖርም መቼም።

ግራጫዋ ቁልፍም ያው ናት። ባለስልኩ አይደለም ግራጫ ያደረጋት። እንደ እርስዎ ያለ አለቃ ነው፤ ያውም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ። «ይደርሳል» ያሉት መቼ እንደሚደርስ ቢነግሩን ደግ ነበር፤ እስከዚያ የእናቴም ቁጥር ከሰው ስልክ ላይ ተወስዷል።

ሻይ ሰዓት ላይ ልጅቷን ጠጋ ብዬ ግራጫውን ማን እንደመረጠው ጠየቅኳት። የቀለሙን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። «መጀመሪያ 666666 አድርጌው ነበር» አለች፣ ስኳሩን እያማሰለች። «‹ኧረ ይነበባል!› ተብሎ ተመለሰልኝ። 999999 ሳደርገው አለፈ።»