ግዮንና የአዳም ዕርቃን

ከቡሬም ከፍኖተ ሰላምም ተነስቶ ወደ ሰከላ የሚወጣ ምዕመን ግሽ ዓባይን ሊሳለም ነው የሚሄደው። ለእሱ ዓባይ፣ በኦሪት ዘፍጥረት 2፥13 ከገነት ወጥቶ የኢትዮጵያን ምድር ይከባል የተባለው ግዮን ነው። የአዳምና የሔዋን ነገርም ስለዚህ የገዛ ወንዙ ታሪክ ነው። ዕርቃን ሥዕል ለእኛ ባዕድ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ከዚህ ቢነሳ ይሻላል።

ባዕድ ነው የሚሉት ጠንካራ ነገር ይዘዋል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዕርቃን አለ፣ ግን ያለ ታሪክ ብቻውን አይቆምም። አዳም ከመሳቱ በፊት የብርሃን ልብስ ነበረው ይላሉ ሊቃውንቱ፤ ራቁቱን መሆኑን ያወቀው ጸጋው ሲገፈፍ ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ልብስ አይለብሱም፤ ሰዓሊው ግን መላ ገላቸውን በጠጉር ይሸፍንና አንበሶቹንና ነብሮቹን በዙሪያቸው ያሰልፋል። ገድላቸው አንበሶቹም 60፣ ነብሮቹም 60 ነበሩ ይላል። ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅድስና የሚነበበው ከዓይን ነው፦ ጻድቁ በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ከሓዲው በአንድ ዓይን በጎን። ጡንቻና ዳሌ የሚናገሩት ነገር የለም። ይህን ሥርዓት አውቆ ያደገ ተመልካች የታሪክ ምልክት የሌለው ገላ ሲያይ ቢደነግጥ፣ ኋላ ቀር ነው ማለት ግፍ ይመስለኛል።

ባዕድ አይደለም የሚሉት ሰዓልያን ሙግትም የሚናቅ አይደለም። ቺካጎ ተምረው የተመለሱት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲከፍቱ፣ ሥዕል ሰውን አይቶ የሚማሩት ሙያም ሆነ። ኩታ ትከሻ ላይ ሲጣል እጥፋቱ የሚወርደው አጥንቱ እንደመራው ነው፤ ከሥር ያለውን ገላ ያላወቀ እጅ ኩታውንም አይስለውም። ጠቡም የእኛ ብቻ አይደለም። ሚኬላንጄሎ በ1541 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የጨረሰውን የመጨረሻ ፍርድ ሥዕል፣ እሱ ከሞተ በኋላ ዳንኤሌ ዳ ቮልቴራ የሚባል ሰዓሊ ታዞ ዕርቃኑን ጨርቅ እየሳለ ሸፍኖታል።

በጸበል ቦታ ደግሞ ሰው ልብሱን አውልቆ ይጠመቃል፤ ገላው ለፈውስ ስለቀረበ ማንም አያፍርበትም። ግን የሚጠመቅን ሰው ቆሞ የሚያይ ነውረኛ ነው። ለእኔ ሚዛኑን የሚያዘነብለው ይህ ነው፦ ገላው ራሱ ነውር የለበትም፤ የሚመረመረው የሚያየው ሰው ለምን እንደሚያይ ነው። ስለዚህ አዳምንና ሔዋንን ከእነ ግዮናቸው ዕርቃናቸውን ልሳል ለሚል የጎጃም ወጣት ፈቃዴን እሰጣለሁ፣ አጥንትና ጅማቱንም ከሕያው ሰው ይማር እላለሁ። የሚያሳስበኝ ሞዴሏ ናት። በትልቅ ከተማ ማን እንደሆነች ላይታወቅ ይችላል። ሁሉም በሚተዋወቅበት የፍኖተ ሰላም ሰፈር ግን ሥዕሉ ሳይደርቅ ወሬው እናቷ ቤት ይገባል፤ ሰዓሊው ሲመሰገን ሐሜቱን የምትሸከመው እሷ ናት። ስለ ጥበብ ነፃነት የሚከራከሩት ከሁለቱም ወገን ይህችን ሴት ሲጠይቋት አልሰማሁም።