ማርክ በራስ እጅ አይመነዘርም

ውድ የኡም ጋርጉር ወላጆች፣ ባለፈው ወር አንድ ልጃችን ከኢትዮጵያ ያመጣውን 3.00 ውጤት 75 ከመቶ ብሎ ሞላ። ከትራንስክሪፕቱ ጋር ስላልገጠመ ማመልከቻው ተመለሰበት። "አራቱ መቶ ማለት ነው" ብለን ያሳየነው እኛው አስተማሪዎቹ ነን፤ ጥፋቱ የኛ ነው።

ሚዛኑ ከአገር አገር ይለያያላ! ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ 85 ያገኘ ኤ ነው፤ አሜሪካ ብዙ ቦታ ቢ ነው። ስለዚህ ለአሜሪካ የሕክምና ትምህርት የሚያመለክት የካናዳ ተማሪ ማርኩን እንዳለ ይጽፋል፤ የሚመነዝርለት አምካስ የተባለው የማመልከቻ አገልግሎት ነው።

እናንተም ለዳፊም ሆነ ለሌላ ስኮላርሺፕ ስታመለክቱ ማርኩን እንዳለ ጻፉ፤ የትምህርት ቤቱን የማርክ አሰጣጥ መግለጫ አያይዙ። ዋናውን ወረቀት አሳይታችሁ ኮፒውን ስጡ። ፎርም መሙላት የሚቸግረው ካለ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ይምጣ፣ አብረን እንሞላለን።